መሪው ሲላላ፦ የቆየ የጭነት መኪና የመሪ ዕቃዎችን መፈተሽና መቀየር

አዳማ የጭነት መኪና ከተማ ናት። ከጅቡቲ በሚሌና በአዋሽ አድርጎ የሚመጣው ጭነት በዚህ ያልፋል። ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚገባውም፣ ወደ አሰላና ባሌ እህል ሊጭን የሚወጣውም እንዲሁ። ከእነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ የቆዩ ናቸው። መሪያቸው የላላም ጥቂት አይደሉም። ሹፌሩ ግን ልቅነቱን ስለለመደው አይታወቀውም። መሪው በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ሲላላ እጁም አብሮ ይለምዳል። ነገሩ የሚወጣው ሌላ ሹፌር መሪውን የጨበጠ ቀን ነው።

ይህ መመሪያ የፊት እግራቸው ወፍራም የብረት አክስል፣ ባሌስትራና ኪንግፒን (ጎማው ዙሪያውን የሚታጠፍበት ቋሚ ፒን) ለሆነ መኪኖች ነው። አይሱዙ ኤንኬአር፣ ኤንፒአርና ኤፍኤስአር ዋናዎቹ ናቸው። ሌሎች የቆዩ ከባድ መኪኖችም አሠራራቸው ይቀራረባል። ፊታቸው በኪንግፒን ፈንታ በቦል ጆይንት (በኳስ መገጣጠሚያ) ለተሠራ ፒካፖች የፍተሻው ሐሳብ ያው ሆኖ የኪንግፒኑ ክፍል አይመለከታቸውም።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ላይ እንስማማ። ልቅነቱ ከየት እንደመጣ በእጃችሁ ዳስሳችሁ ሳታገኙ ዕቃ አትግዙ፤ የመሪ ቦክሱንም አታስጠብቁ። በየጋራዡ የተለመደው የዚህ ተቃራኒ ነው። መሪው ላላ ሲባል መጀመሪያ የሚነካው የመሪ ቦክሱ ማስተካከያ ቡሎን ነው። ቡሎኑ ሲጠብቅ መሪው ለጥቂት ቀን የተስተካከለ ይመስላል። ያለቀው ታይሮድ፣ ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያገናኘው ዘንግ፣ ግን እዚያው አለ። አሁን ደግሞ ያለ ጥፋቱ የጠበቀ ቦክስ ተጨምሮበታል።

ከመሪው እስከ ጎማው

ፍተሻው እንዲገባችሁ መንገዱን በሐሳባችሁ ተከተሉ። መሪውን ስታዞሩ ዘንጉ ይዞራል። ዘንጉ ጋቢናው ሥር ክሮቼራ የሚባል መስቀልማ መገጣጠሚያ አለው። ከክሮቼራው ወደ መሪ ቦክሱ ይገባል። ከቦክሱ የሚወጣው አጭር ክንድ ፒትማን አርም ይባላል። ፒትማን አርሙ ድራግ ሊንክ የሚባለውን ዘንግ ይገፋል፣ ይስባል። ድራግ ሊንኩ የግራውን ጎማ ያዞራል። ከግራው ወደ ቀኙ ጎማ የሚያገናኘው ረጅሙ ዘንግ ታይሮዱ ነው። ሁለቱም ጎማዎች የሚዞሩት አክስሉ ጫፍ ላይ በቆሙት ኪንግፒኖች ዙሪያ ነው።

እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ሊያልቅ ይችላል። ከእያንዳንዳቸው የሚመጣው ጥቂት ልቅነት ተደምሮ መሪው ላይ ብዙ ይሆናል። ለዚህ ነው አንዱን ብቻ ቀይረው "ምንም ለውጥ የለውም" የሚሉ ባለመኪኖች የሚበዙት።

መጀመሪያ ጎማውንና ባሌስትራውን እዩ

ይህን ቶሎ ጨርሱት፤ ግን አትዝለሉት። የፊት ጎማዎች ንፋስ እኩል ይሁን። አንዱ ሲጎድል መኪናው ወደዚያ ይጎትታል፤ መሪው የተበላሸ ይመስላል። መዳፋችሁን የጎማው ጥርስ ላይ አግድም አንሸራትቱ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከዚያ መልሳችሁ። በአንድ በኩል ልስልስ፣ በሌላው በኩል እንደ መጋዝ ሻካራ ከሆነ ጎማዎቹ ቀጥ ብለው አይሄዱም ማለት ነው። ታይሮዱ አልቋል ወይም ልኬቱ ተዛብቷል።

ቀጥሎ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር ያሰሩትን የዩ ቅርጽ ያላቸው ቡሎኖች ተመልከቱ። ከዳዶው ሥር የዛገ ዱቄት የሚፈስ ከሆነ ልል ነው። አክስሉ ራሱ በባሌስትራው ሥር ከተንሸራተተ መኪናው መንገድ ላይ ይዋልላል። ያንን የመሪ ዕቃ በመቀየር አታስተካክሉትም። የባሌስትራው ፒንና ቡሺንግ ማለቁም ያንኑ ጠባይ ያመጣል።

ጎማው መሬት ላይ እያለ የሚደረግ ፍተሻ

መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሙ፤ ጎማዎቹ ወደ ፊት ቀጥ ይበሉ። የእጅ ፍሬን ያዙ፤ ለኋላ ጎማዎች ታኮ አድርጉ። ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን። ፓወር ስቲሪንግ ያለው መኪና ከሆነ ሞተሩ መሥራት አለበት። ሞተሩ ጠፍቶ የሚለካ ልቅነት ያሳስታል፤ ያለ ዘይቱ ግፊት መሪው ያለ ጥፋቱ ብዙ ይንቀሳቀሳልና።

አሁን ለኩ። የመሪው ጠርዝ ላይ ቁራጭ ፕላስተር ለጥፉ፣ ፊት ለፊቱ ደግሞ ሜትር ያዙ። መሪውን በሁለት ጣት ወደ ግራ ቀስ አድርጋችሁ ውሰዱ። የፊት ጎማው ሊንቀሳቀስ ሲል አቁሙና ቦታውን ያዙ። ከዚያ ወደ ቀኝ እንዲሁ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የመሪው ፕሌይ ነው። ጎማውን የሚመለከት ሰው ከውጭ መኖር አለበት። ብቻችሁን አይሆንም።

ስንት ይበቃል? የአሜሪካ የከባድ መኪና ደንብ ስፋቱ 457 ሚሊ ሜትር ለሆነ መሪ፣ ማለትም ለ18 ኢንች፣ ፓወር ለሌለው 57 ሚሊ ሜትር፣ ፓወር ላለው 121 ሚሊ ሜትር ድረስ ይፈቅዳል። ይህ ግን ጣሪያው ነው፤ ከዚያ ያለፈ መኪና መንገድ ላይ መታየት የለበትም። ለኤንፒአር መጠን መኪና እኔ ከ50 ሚሊ ሜትር በላይ ሳይ ሥር ገብቼ መፈለግ እጀምራለሁ።

የሚፈለገው እንዲህ ነው። ረዳቱ መሪው ላይ ይቀመጥ። መሪውን ሳያቋርጥ ወደ ግራና ቀኝ በአጭሩ ያወዛውዝ፤ ጎማው እንዳይዞር፣ ልቅነቱ ውስጥ ብቻ። እናንተ ከጎን ሆናችሁ በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ በየተራ እጃችሁን አድርጉ። ግማሽ መዳፋችሁ አንዱን ዕቃ፣ ግማሹ ሌላውን ይንካ። ጤነኛ መገጣጠሚያ ላይ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። ያለቀው ላይ አንዱ ቀድሞ ይንቀሳቀሳል፤ ሌላው ዘግይቶ ይከተላል። ዓይን የማያየውን እጅ ያገኘዋል። ጣታችሁን ግን በሚዞር ክንድና በአክስል መካከል አታስገቡ። ሞተር እየሠራ ነውና ከቺንጋና ከፋን ራቁ፤ ልል ልብስም አይኑር።

ከላይ ጀምሩ። የክሮቼራው ሁለት ጎኖች እኩል ይዞራሉ? ዘንጉ ክሮቼራው ላይ በጥርስ የገባበት ቦታ ይላወሳል? ይህች ክሮቼራ ብዙ ሰው የሚረሳት ናት። የመሪ ቦክስ "አለቀ" ተብሎ ተቀይሮ ጥፋቱ እሷ ዘንድ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ቀጥሎ ቦክሱ ራሱ በሻሲው ላይ ይነቃነቃል? ቡሎኖቹ ከላሉ ወይም ሻሲው እዚያ ቦታ ላይ ከተሰነጠቀ ቦክሱ በሙሉ ሲወዛወዝ ታዩታላችሁ። ከዚያ የቦክሱን መግቢያና መውጫ አወዳድሩ። መግቢያው ዞሮ ፒትማን አርሙ ቆሞ ከቀረ ልቅነቱ ውስጡ ነው። ፒትማን አርሙ ከቦክሱ ዘንግ ጋር የገባበት ጥርስስ? እዚያ ላይ ምንም፣ ጭራሽ ምንም እንቅስቃሴ ሊኖር አይገባም።

ከዚያ የድራግ ሊንኩ ሁለት ጫፎች፣ በመጨረሻም የታይሮዱ ሁለት ጫፎች። በሰሜን አሜሪካ የመንገድ ተቆጣጣሪዎች በእጅ ኃይል ብቻ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ የሚላወስ የመሪ መገጣጠሚያ ካገኙ መኪናውን እዚያው ያቆሙታል። ጥሩ ልክ ነው። እኔ ግን 3 ሚሊ ሜትር እስኪደርስ መጠበቅን አልመክርም። የመሸፈኛ ጎማዋ የተቀደደች፣ ግሪሷ ወጥቶ አቧራ የገባባት ጫፍ ገና ባትላወስም ዕድሜዋ አጭር ነው። የወንጂ መንገድ አቧራና የመተሐራ ሙቀት ለእነዚህ ትንንሽ ጎማዎች ደግ አይደሉም።

ጎማ አንስቶ መፈተሽ

ሞተሩን አጥፉ። ክሪኩን ከአክስሉ ሥር አድርጋችሁ አንዱን የፊት ጎማ ከመሬት ጥቂት አንሱ። አፈር ላይ ከሆናችሁ ከክሪኩ ሥር ወፍራም ጣውላ ይኑር። አክስሉን በጠንካራ መደገፊያ ላይ አሳርፉት። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም ሰው አይግባ፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን።

ጎማውን አንድ እጅ ከላይ፣ አንድ እጅ ከታች ይዛችሁ ግፉ፣ ሳቡ። የሚንኳኳ ወይም የሚላወስ ነገር ካለ ጥያቄው የጎማው ኩሽኔታ ነው ወይስ ኪንግፒኑ የሚለው ነው። መለያው ቀላል ነው። ረዳቱ የእግር ፍሬኑን አጥብቆ ይርገጥ፤ እናንተ እንደገና አነቃንቁ። ልቅነቱ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው። ካልጠፋ ኪንግፒኑ ነው። ይህን ፈተና ሳያደርግ ኪንግፒን የሚያስገዛችሁ መካኒክ ካጋጠማችሁ አድርግልኝ በሉት። የኪንግፒን ሥራ ውድ ነው። ኩሽኔታ ማጥበቅ ግን የአንድ ዳዶ ሥራ ነው።

አሁን ደግሞ ጎማውን ከፊትና ከኋላ ጠርዙ ይዛችሁ ግፉ፣ ሳቡ። እዚህ ላይ የሚሰማው የታይሮዱና የድራግ ሊንኩ ልቅነት ነው። መሬት ላይ ያገኛችሁትን ያረጋግጥላችኋል።

ሁለቱም የፊት ጎማዎች አየር ላይ እያሉ ጎማውን ከዳር እስከ ዳር አዙሩት። ያለ ችግር መዞር አለበት። አንድ ቦታ ላይ የሚይዝ ወይም የሚንቀረቀር ከሆነ የኪንግፒኑ ሥር ኩሽኔታ ደርቋል ወይም ተሰብሯል። እግረ መንገዳችሁን ግሪስ ስጡት። ኪንግፒን ግሪስ የሚሰጠው አክስሉ ተነስቶ ነው። መሬት ላይ ከሆነ ክብደቱ የተጫነበት ጎን ግሪስ አይገባውም። አሮጌው ጥቁር ግሪስ ወጥቶ አዲሱ ከላይም ከታችም ብቅ እስኪል ስጡ። ከአንደኛው በኩል ካልወጣ መግቢያው ተደፍኗል፤ ፈታችሁ አጽዱት እንጂ "ሰጥቻለሁ" ብላችሁ አትለፉ። ኪንግፒን የሚያልቀው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

ዕቃ ስትገዙ

አሮጌውን ዕቃ ፈትታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። በሞዴል ስም ብቻ መግዛት አይበቃም። በአንድ ስም የሚጠራ ኤንፒአር ከዓመት ዓመት የታይሮዱ ጫፍ ሊለያይ ይችላል። ሱቁ ውስጥ አራት ነገር አስተያዩ፦ የጥርሱን ውፍረት፣ ጥርሱ ወደ ግራ ወይስ ወደ ቀኝ የሚዞር መሆኑን፣ ክንዱ ውስጥ የሚገባውን የሾጣጣውን እግር ውፍረትና ርዝመት፣ እንዲሁም ከጫፍ እስከ ኳሱ መሐል ያለውን ርቀት።

አዳማ ያሉት የመለዋወጫ ሱቆች ካጡት ብዙ ሰው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይሄዳል። እዚያ ያገለገለ ዕቃም ይገኛል። ለበር፣ ለመብራት፣ ለጋቢና ዕቃ ያገለገለ መግዛት እረዳለሁ። ለታይሮድ ጫፍና ለኪንግፒን ግን በጭራሽ። ከሌላ መኪና የወጣበትን ምክንያት አታውቁም።

ፎርጅዱም ሌላ ጣጣ ነው። በእኛ ገበያ የታወቀው 555 የጃፓኑ ሳንኬይ ምልክት ነው። ስለታወቀም ሌላው ይገለብጠዋል። ካርቶኑን ሳይሆን ዕቃውን እዩ። ጽሑፉ ብረቱ ላይ ጥርት ብሎ የተቀረጸ ነው? ጎማው ለስላሳና ወፍራም ነው ወይስ ደረቅ? ኳሱ በእጅ ሲወዘወዝ እኩል ክብደት አለው ወይስ ገና ከካርቶኑ ሲወጣ ልል ነው? አዲስ ጫፍ በጣት ያለ ምንም ጥረት የሚወዛወዝ ከሆነ አትግዙት።

የታይሮድና የድራግ ሊንክ ጫፍ መቀየር

ከመፍታታችሁ በፊት ለኩ። የታይሮዱን ርዝመት ከአንዱ ኳስ መሐል እስከ ሌላው ኳስ መሐል በሜትር ያዙ፤ ጻፉት። ጫፉ ከዘንጉ የወጣባትን ጥርስ ቁጠሩ፣ ቀለምም ቀቡ። በስልክ ፎቶ አንሱ። ይህን የዘለለ ሰው ሥራውን ሲጨርስ ሁለቱ ጎማዎች ወዲያና ወዲህ ያያሉ።

የመቆለፊያ ሽቦውን አውጡ፤ ዳግመኛ አትጠቀሙበት። ዳዶውን አላሉት እንጂ ጨርሳችሁ አታውጡት። በጥቂት ጥርስ ላይ ይቆይ። ሾጣጣው እግር ሲለቅ በድንገት ነው የሚለቀው፤ ዘንጉ እግራችሁ ላይ እንዳይወድቅ ዳዶው ይይዘዋል።

እግሩን የምታላቅቁት በመንቀያ ነው። መንቀያ ከሌለ ሁለት መዶሻ ይበቃል። አንዱን ከባድ መዶሻ እግሩ ከገባበት ክንድ ዓይን ጎን ደግፉ፤ በሌላው ከተቃራኒው ጎን አንዴ፣ ሁለቴ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱ። ዓይኑ ለአፍታ ይለጠጥና ሾጣጣውን ይለቀዋል። የጥርሱን ጫፍ ከታች ወደ ላይ መቀጥቀጥ ግን ትርፉ ጥርስ ማበላሸት ነው። በጋዝ ማጋልም አይሆንም። እነዚህ ክንዶች በሙቀት የተጠናከሩ ናቸው፤ እንደገና ሲግሉ ጥንካሬያቸው ይቀንሳል።

ጫፉን ከዘንጉ ለመፍታት ማጥበቂያውን ቀለበት አላሉ፤ ዝገት ማላቀቂያ ዘይት እርጩና ጊዜ ስጡት። የታይሮዱ አንደኛው ጫፍ በቀኝ፣ ሌላኛው በግራ ጥርስ ነው። አልፈታ ሲል በጉልበት ከመሄዳችሁ በፊት በየትኛው አቅጣጫ እንደምትፈቱ አረጋግጡ።

አዲሱን በቆጠራችሁት ጥርስ ልክ አስገቡ። በሁለቱም ጫፍ የገባው ጥርስ ይመጣጠን። ክንዱ ላይ ያለውን የሾጣጣ ቀዳዳ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። ዘይትም ግሪስም አይንካው፤ ሾጣጣ የሚይዘው ደርቆ ነው። አዲሱን እግር አስገብታችሁ በእጅ አነቃንቁት። መወዝወዝ የለበትም። የሚወዘወዝ ከሆነ ወይም ዕቃው የተሳሳተ ነው፣ ወይም የክንዱ ዓይን ሰፍቷል። አንዳንድ ቦታ እዚህ ላይ ቆርቆሮ ጠቅልለው ይከታሉ። ይህን አትፍቀዱ። ዓይኑ ከሰፋ ክንዱ ይቀየራል። ሌላ መፍትሔ የለውም።

ዳዶውን በአምራቹ ልክ በቶርክ ቁልፍ አጥብቁ። የሽቦው ቀዳዳ ከዳዶው ክፍተት ጋር ካልገጠመ እስኪገጥም ትንሽ ጨምሩ፤ ወደ ኋላ በፍጹም አትመልሱ። አዲስ ሽቦ አስገብታችሁ ጫፎቹን እጠፉ። የዘንጉን ቀለበት ከማጥበቃችሁ በፊት ሁለቱ ጫፎች በአንድ አቅጣጫ መቆማቸውን እዩ። አንዱ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ ካዘነበለ ዘንጉ ነፃ ሆኖ አይንቀሳቀስም። የግሪስ መግቢያ ካላቸው የመሸፈኛ ጎማቸው ጥቂት እስኪነፋ ብቻ ስጡ።

የተጣመመ ታይሮድስ? ድንጋይ መትቶት የታጠፈ ዘንግ ብዙ አለ። ማቃናት ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ቦታም ይደረጋል። አንዴ የታጠፈ ብረት ግን በዚያው ቦታ ደክሟል። ቀይሩት። ብየዳም ያው ነው። የመሪ ዕቃ አይበየድም፤ ታይሮድም፣ ፒትማን አርምም፣ ድራግ ሊንክም። መኪናው ጭነት ይዞ ከኢተያ ወደ ዴራ ሲወርድ ያ ብየዳ ቢለቅ ፍሬን ብቻውን አያድነውም። ጥግ ላይ ቆሞ ባጃጅ የሚጠብቀውንም ሰው አያድነውም።

ኪንግፒን

ይህ የአንድ ሙሉ ቀን ሥራ ነው፤ ቶርኖ ቤትም ያስፈልገዋል። ራሳችሁ ባትሠሩት እንኳ እንዴት መሠራት እንዳለበት ማወቃችሁ ከብዙ ኪሳራ ያድናችኋል። አንዱ ካለቀ ሁለቱንም ቀይሩ።

ጎማ ስትፈቱ ልብ በሉ፦ በብዙ የቆዩ የጃፓን ጭነት መኪኖች የግራው በኩል የጎማ ዳዶ በግራ ጥርስ ነው። ቡሎኑ ጫፍ ላይ ኤል ወይም አር የሚል የእንግሊዝኛ ፊደል አለ። እሱን አንብቡ።

ጎማውንና የፍሬን ከበሮውን ካወጣችሁ በኋላ የፍሬኑን ክፍል ከሻሲው ጋር በሽቦ እሰሩት። በፍሬን ጎማው (በቱቦው) ላይ ተንጠልጥሎ አይቅር። ታይሮዱንና ድራግ ሊንኩን አላቁ። የላይና የታች መክደኛዎችን አንሱ። ከዚያ አክስሉ ጎን ላይ ኪንግፒኑን የያዘውን ሾጣጣ መቆለፊያ ፒን ፈልጉ። ዳዶውን እስከ ጫፉ ድረስ አላሉና ጥርሱን እንዲጠብቅ እዚያው ተዉት፤ በጥርሱ በኩል መትታችሁ አውጡት። ብዙ ሰው ይህን ፒን ሳያወጣ ኪንግፒኑን ይቀጠቅጣል፤ ቀኑ እዚያው ያልቃል።

ኪንግፒኑ ከዛገ ከአንድ ቀን በፊት ጀምራችሁ ዝገት ማላቀቂያ እርጩበት። እምቢ ካለ ተንቀሳቃሽ ፕሬስ አምጡ። ሲወጣ ጎማ ተሸካሚው ክፍል ከባድ ነውና በክሪክ ደግፉት። ከሥር ያለው ኩሽኔታ የትኛው ፊቱ ወደ ላይ እንደነበር ፎቶ ያዙ። ከላይ የነበሩትን ስስ የማስተካከያ ሮንዴላዎች ለየጎናቸው ለዩ፤ የግራና የቀኙ አይቀላቀል።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ። አዲሱን ኪንግፒን በአክስሉ ቀዳዳ ውስጥ አስገቡና አነቃንቁት። እዚያ ውስጥ የሚላወስ ከሆነ የአክስሉ ዓይን ተበልቷል። አዲስ ፒንና ቡሺንግ ብትጨምሩበትም በጥቂት ወራት ይመለሳል። አክስሉ ቶርኖ ቤት ሄዶ መታየት አለበት።

አሮጌው ቡሺንግ በፕሬስ ይወጣል፤ አዲሱም በፕሬስ ይገባል እንጂ በመዶሻ አይገባም። የቡሺንጉ የግሪስ ቀዳዳ ከግሪስ መግቢያው ጋር ፊት ለፊት መግጠም አለበት። ይህን ሳያዩ የሚያስገቡ አሉ። ያ ኪንግፒን ዕድሜውን ሁሉ ግሪስ አያገኝም። ቡሺንጉ ከገባ በኋላ ይጠባል፤ ስለዚህ በሪመር ይሰፋል። የላይኛውና የታችኛው በአንድ ረጅም ሪመር፣ በአንድ መስመር መስፋት አለባቸው። ለየብቻ ከተሰፉ ፒኑ ዘንበል ይልና መሪው ይከብዳል። በአሸዋ ወረቀት ማስፋት ሥራ አይደለም። ልኩ ሲመታ ፒኑ በአውራ ጣት ግፊት ይገባል፤ ሳይወዘወዝ።

ሲገጠም የፒኑ ጎን ላይ ያለው ጎድጓዳ ከመቆለፊያው ቀዳዳ ጋር ይግጠም። ከላይ ያለውን ክፍተት በፊለር ጌጅ ለኩ፤ ሮንዴላዎቹን እየለዋወጣችሁ የአምራቹን ልክ አምጡ። የመቆለፊያውን ፒን መትታችሁ አስገቡ፣ ዳዶውን አጥብቁ። መክደኛዎቹን በአዲስ ማሸጊያ ግጠሙና ግሪስ ስጡ። ታይሮዱን ከመመለሳችሁ በፊት ክፍሉን በእጅ አዙሩት። እኩል በሆነ ቀላል ክብደት መዞር አለበት። እዚህ ከከበደ ነገ መሪው ከታጠፈ በኋላ አይመለስም።

የመሪ ቦክስ

የተላወሰ መገጣጠሚያ ሁሉ ተቀይሮ፣ ክሮቼራው ደህና ሆኖ፣ የቦክሱ ቡሎኖችም ጠብቀው ልቅነቱ ከቀረ ብቻ ቦክሱን ንኩ። ድራግ ሊንኩን ከፒትማን አርሙ አላቁ። መሪውን ከዳር እስከ ዳር እየቆጠራችሁ አዙሩና መሐሉ ላይ አቁሙት። ማስተካከል የሚቻለው መሐል ላይ ብቻ ነው፤ ጥርሶቹ ይበልጥ የሚቀራረቡት እዚያ ነውና። መቆለፊያ ዳዶውን አላሉ። ማስተካከያውን በካቻቢቴ ወይም በቁልፍ ጥቂት ብቻ፣ ከሩብ ዙር ያነሰ አጥብቁ። ማስተካከያው እንዳይዞር ይዛችሁ ዳዶውን ቆልፉና መሪውን ከዳር እስከ ዳር ሞክሩ። መሐል ላይ የሚይዝ ከሆነ በዝቷል፤ መልሱት። በዚህ ካልተስተካከለ ቦክሱ ውስጡ አልቋል ማለት ነውና ይፈታ ወይም ይቀየር።

ፒትማን አርሙን መፍታት ካስፈለገ በክንዱና በዘንጉ ላይ አንድ መስመር ምልክት አድርጉ። በአንድ ጥርስ ተሳስቶ ከገባ መኪናው ወደ አንድ በኩል ብዙ፣ ወደ ሌላው ጥቂት ይታጠፋል።

የዘይት መስመር ከተፈታ አየሩን አስወጡ። የፊት ጎማዎች ተነስተው፣ ሞተሩ ጠፍቶ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብላችሁ ደጋግሙ፤ ዘይቱን እየሞላችሁ። ከዚያ ሞተሩን አስነስታችሁ ድገሙት። አረፋ እስኪጠፋ ድረስ። ዳር ላይ ይዛችሁ አትቆዩ፤ ፓምፑ ይግላል።

የጎማ አቅጣጫ በጠመኔና በሜትር

አላይመንት ማሽን ካገኛችሁ እሱ ይሻላል። እስከዚያ ግን ጎማ ሳይበላ የሚያደርሳችሁ ዘዴ አለ። የፊት ጎማዎቹን አንሱና እያዞራችሁ በእያንዳንዱ ጎማ መሐል ላይ ጠመኔ ቀቡ። በጠመኔው ላይ ሹል ሚስማር በአንድ ቦታ ቆሞ ጎማው ሲዞር ቀጭን መስመር ያወጣል። መኪናውን አውርዱና ጥቂት ሜትር ወደ ፊት ግፉት። አሁን በአክስሉ ከፍታ ልክ ከፊት በኩል በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለውን ርቀት ለኩ፤ ቀጥሎ ከኋላ በኩል።

የፊቱ ከኋላው በጥቂት ሚሊ ሜትር ሊያንስ ወይም እኩል ሊሆን ይገባል። ትክክለኛውን ቁጥር ከመኪናው መጽሐፍ ውሰዱ። የፊቱ ከበለጠ መኪናው መንገድ ላይ ይቅበዘበዛል። የታይሮዱን ሁለት ቀለበቶች አላልታችሁ ዘንጉን አዙሩ፤ አንደኛው ጥርስ ግራ ስለሆነ ርዝመቱ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። እንደገና ግፉና ለኩ።

ሙከራው

መኪናው ባዶ ይሁን። መጀመሪያ ባዶ ሜዳ ላይ ከዳር እስከ ዳር አዙሩት፤ ጎማውም ዘንጉም ሻሲ ወይም የፍሬን ጎማ የሚነካበት ቦታ እንዳይኖር ረዳቱ ከውጭ ይመልከት። ቀጥሎ በዝግታ ከተማ ውስጥ። ወደ ፈጣኑ መንገድ የምትወጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ሦስት ነገር አድምጡ። አንደኛ፣ ከታጠፋችሁ በኋላ መሪውን ስትለቁት ራሱ ወደ መሐል መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ኪንግፒኑ ወይም ቦክሱ ከልክ በላይ ጠብቋል። ሁለተኛ፣ መሪው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ጎኑን ካጋደለ ድራግ ሊንኩ ርዝመቱ መስተካከል አለበት። ታይሮዱን አትንኩት፤ እሱ የጎማውን አቅጣጫ ነው የሚቀይረው። ሦስተኛ፣ ፍጥነት ሲጨምር መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የጎማ ባላንስና የቸርኬ መጣመም ከአዲሱ ዕቃ በፊት ይጠረጠራሉ።

ስትመለሱ ያጠበቃችሁትን ዳዶ ሁሉ እንደገና ፈትሹ፤ በዳዶውና በአካሉ ላይ አንድ የቀለም መስመር አስምሩ። ዳዶው ከተንቀሳቀሰ መስመሩ ይሰበራል፤ ጎንበስ ብሎ ማየት ብቻ ይበቃል። የጎማ ዳዶዎቹን ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ መልሳችሁ አጥብቁ። ግሪሱን በየ5,000 ኪሎ ሜትር ስጡ። የሸንኮራ ማሳና የኮረት መንገድ ላይ የሚውል መኪና ከሆነ ግማሹ ላይ ስጡት፤ ከታጠበ ማግስት ደግሞ ሁልጊዜ።